ከዓባይ በረሃ ጡረታ የወጡት ፎርማን

ደጀን ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ጥቂት ነው። "ፎርማኑ" ይባላሉ። ለሰፈሩ ልጆች ጋሽ ፎርማን ናቸው። በ1972 ዓ.ም. በ22 ዓመታቸው አካፋና ዶማ ይዘው በቀን ሠራተኝነት መንገድ ሥራ ገቡ። ቀስ በቀስ የቡድን መሪ፣ ከዚያም የጥገና ፎርማን ሆኑ። በ2010 ጥር ላይ 60 ዓመት ሞላቸውና ጡረታ ወጡ።

እዚህ የምጽፈው ከ2010 እስከ 2012 መጨረሻ የሆነውን ነው። ከዚያ ወዲህ በአካባቢያችን ብዙ ነገር ተለዋውጧል፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ሰው እንዳይለያቸውም አንዳንድ ዝርዝር ቀይሬያለሁ። እንድጽፍ የፈቀዱልኝ በዚህ ስምምነት ነው። እኔ የምሠራው በሌላ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል ነው፤ ጡረታ የሚወጡ ሰዎችን ፋይል አዘጋጃለሁ። ከፎርማኑ ባለቤት ጋር ደግሞ ዘመድ ነን፤ "እትዬ" ነው የምላቸው። ስለዚህ ነገሩን ከቢሮም ከቤትም በኩል አይቼዋለሁ።

ፎርማኑ ጤነኛ ናቸው። የራሳቸው ቤት አላቸው። ልጆቻቸው ራሳቸውን ችለዋል። ከተማው ያከብራቸዋል። እንዲህም ሆኖ ጡረታ በወጡ በስድስት ወር ውስጥ ለባለቤታቸው "እኔ ከእንግዲህ ለማን ነኝ?" አሏቸው። ጠጥተውም አልነበረም።

ሌሊት የሚደውል ስልክ

ዓባይ በረሃን የተሻገረ ሰው ገደሉንና ዝንጀሮውን ያስታውሳል። መንገዱን የሚጠግነውን ሰው ግን ልብ የሚለው የለም። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወንዙን ይሻገርና ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ብዙ ቦታ ላይ ዳገቱ ልቅ አፈርና ድንጋይ ነው። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ይንሸራተታል። አስፋልቱ ይሰነጠቃል፤ አንዱ ጎን ይሰምጣል፣ ሌላው ያብጣል። ሲብስ ናዳ ይወርድና መንገዱን ይዘጋዋል። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው 303 ሜትሩ የህዳሴ ድልድይ ሲመረቅ ፎርማኑ እዚያው ነበሩ። "ድልድዩ ተቀየረ፤ ገደሉ ግን ያው ገደል ነው" ይላሉ።

ክረምት ለእሳቸው የሥራ ወቅት ነበር። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልክ ይጮኻል። ናዳ ወርዷል፤ ሲኖትራኩና አውቶቡሱ ተደርድሯል። ተነሥተው ኦፕሬተሩን ይቀሰቅሳሉ፣ ሎደሩን ያስነሣሉ፣ አፈሩ የት እንደሚደፋ ያሳያሉ። የት እንደሚደፋ ማወቅ ቀላል ነገር ይመስላል። ያለቦታው የተደፋ አፈር ግን በሚቀጥለው ዝናብ ከታች ያለውን መንገድ ይዞት ይወርዳል። የውሃ መውረጃ ከተደፈነም ውሃው አስፋልቱ ሥር ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ጥገና ሳይሆን እንደ አዲስ መሥራት ነው። ይሄን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራቸውም። ገደሉን በእግር በመመላለስ ያወቁት ነው። መንገዱ ሲከፈት ሾፌሮቹ ጥሩንባ እየነፉ ያልፋሉ። ፎርማኑ ስለ ደመወዝ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ስለዚያ ጥሩንባ ግን ብዙ ጊዜ ያወራሉ።

የገንዘቡን ነገር ቶሎ ልለፈው። በጊዜው ይሠራ በነበረው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714/2003 መሠረት፣ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይታሰብለታል። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ስለዚህ 38 ዓመት ያገለገለ ሰው 65 በመቶ ያገኛል። ለምሳሌ አማካይ ደመወዙ 5,000 ብር ከሆነ ጡረታው 3,250 ብር ነው። ስሌቱ የሚይዘው መደበኛ ደመወዝን ብቻ ነው። አበል አይገባበትም፤ ለመንገድ ሠራተኛ ደግሞ አበል ቀላል ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ ኪሳቸው ሳስቷል። ግን ልጆቹ ይደጉማሉ፤ እትዬም ደህና የበርበሬ ንግድ አላቸው። ያስቸገራቸው ገንዘቡ አልነበረም። እኛ በቢሮ የምናዘጋጀው ግን ይሄንኑ ስሌት ብቻ ነው።

ሰኔ

የመጀመሪያዎቹ ወራት ሠርግና ምላሽ ነበሩ። በግ ታርዶ፣ ጋቢ ለብሰው፣ የምስክር ወረቀት ተቀብለው ተሸኙ። አጥር አደሱ። የሚያፈሰውን ጣሪያ ጠገኑ። አዲስ አበባ ልጃቸው ጋ ሰንብተው መጡ። ሮበርት አቸሊ የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር ጡረታን በደረጃ ከፋፍሎ ሲያስረዳ ይሄን ጊዜ ጫጉላ ይለዋል። ጫጉላው ሲያልቅ መከፋት ይመጣል፤ ከዚያ ሰውየው ኑሮውን እንደገና ያደራጃል። ሁሉም ሰው በዚሁ ቅደም ተከተል ያልፋል ማለት አይደለም። የፎርማኑ ጫጉላ ግን መቼ እንዳለቀ ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል። ሰኔ ገባና ዘነበ።

በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሌሊት ተነሥተው ለበሱ። ቦት ጫማቸውን አጠለቁ። ስልኩን ይዘው በረንዳ ላይ ቆሙ። ማን ይደውል? እትዬ "ግባ፣ ብርድ ይመታሃል" ቢሏቸው አልሰሙም።

ከዚያ በሚኒባስ ወደ በረሃው መውረድ ጀመሩ። የድሮ ሠራተኞቻቸውን "ልጆቼ" ነው የሚሏቸው። ልጆቹ መጀመሪያ አቅፈው ሳሟቸው፤ ሻይ አፈሉላቸው። ሲደጋገም ሰላምታው እያጠረ ሄደ። አንድ ቀን ገልባጩ አፈር የሚደፋበት ቦታ አላማራቸውም፤ ጮኹ። ሾፌሩ ቆመና አዲሱን ፎርማን አየ። አዲሱ ፎርማን ክፉ ሰው አይደለም፤ ራሳቸው ያሠለጠኑት ነው። ጠጋ ብሎ በትሕትና "ጋሼ፣ እርስዎ አሁን ይረፉ" አላቸው። ሁለተኛ አልወረዱም።

እዚህ ላይ መሥሪያ ቤቱን ሳልወቅስ አላልፍም። የ38 ዓመት የገደል እውቀት በአንድ በግ ሸኝቶ ለቀቀ። ቢያንስ ያን የመጀመሪያ ክረምት በሳምንት አንድ ቀን ጠርቶ ቢያማክራቸው፣ ለአዲሱ ፎርማንም ይቀለው ነበር። ሳይጠሩ ሲመጡ ነው ሸክም የሆኑት።

ቤቱ ካምፕ ሲሆን

ስለ ጡረተኛ ሲወራ ሚስቱን የሚጠይቅ የለም። እኔ ግን አብዛኛውን ነገር የሰማሁት ከእትዬ ነው።

ፎርማኑ አብዛኛውን ዘመናቸውን ከዓባይ እስከ ባሕር ዳር ባለው መስመር በየካምፑ ነው የኖሩት። ልጆቹን ያሳደጉ፣ ጓሮውን ያለሙ፣ ለበርበሬው ደንበኛ ያፈሩ እትዬ ናቸው። ባል ፈቃድ ሲያገኝ ይመጣል። እንደ እንግዳ ይስተናገዳል፤ ስንቁ ተቋጥሮለት ይሸኛል። አሁን እንግዳው አልሄድም አለ።

አለመሄድ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከንጋቱ 11 ሰዓት ሰው ሁሉ እንዲነሣ ይፈልጋሉ። የማገዶው ክምር ቦታው ልክ አይደለም ብለው አዘዋወሩት። የሽሮና የዘይት ወጪ በደብተር ይያዝ አሉ። እዚያው ቤት ሆና ለምትማረው የዘመድ ልጅ የሥራ ድልድል ጽፈው ግድግዳ ላይ ለጠፉላት። እትዬ አንድ ቀን አነበቡት... ማንበብ እንኳ አልጨረሱም፣ ቀደዱት። "እኔ ያገባሁት ባል ነው፤ ሱፐርቫይዘር አላገባሁም" አሏቸው። ይሄን ሲነግሩኝ ይስቁ ነበር። ያኔ ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ ነገሩ ለሽማግሌ ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው።

ፎርማኑ ከሰዓት በኋላ አረቄ ቤት መዋል ጀመሩ። ጠጪ ሆኑ አልልም። ከቤት የሚያወጣቸው ሌላ ሰበብ አልነበረም።

የፊት ወንበር

ጎጃም ሽማግሌ ያከብራል። ሠርግ ላይ፣ ተዝካር ላይ ፎርማኑ ሲገቡ ሰው ከመቀመጫው ብድግ ይላል። "ኧረ በሞቴ!" ተብለው ፊት ይቀመጣሉ፤ ጠላው መጀመሪያ ለእሳቸው ይቀዳል። እድሩም በዚያው መስከረም ሊቀመንበር አድርጎ መረጣቸው። ግማሹ ከአክብሮት ነው። ግማሹ ደግሞ ሰው እንደከፋቸው አይቶ ሊያጽናናቸው ፈልጎ ነው።

የእድሩን ሥራ የሚሠሩት ግን ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ናቸው። ድንኳኑንና ወንበሩን የሚያነሡት ወጣቶቹ ናቸው። የሊቀመንበሩ ድርሻ ስብሰባ መክፈት ነው። አንድ ወር አሟቸው ቀሩ። ስብሰባው ተካሄደ። በማግሥቱ "እግዚአብሔር ይማርዎ" ብለው ጠየቋቸው፤ ቃለ ጉባኤውንም አመጡላቸው። ፎርማኑ ያን ቀን ለእኔ ያሉት "ብመጣም ባልመጣም ያው ነው" ነው።

የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ያለ ይመስለኛል። ክብር ሞልቷቸዋል። ባይመጡ የሚስተጓጎል ሥራ፣ ባይመጡ የሚቆጣ ሰው ግን የላቸውም። በረሃው ውስጥ ማንም ብድግ አይልላቸውም ነበር። እንዲያውም በቀን ሦስቴ ይሰደባሉ፤ ሾፌር ይሰድባቸዋል፣ አለቃ በሬዲዮ ይጮኽባቸዋል። ካልመጡ ግን ጎጃምና አዲስ አበባ ይቆራረጣሉ።

ታላቅ ወንድማቸው አነደድ ወረዳ ገበሬ ናቸው፤ 70 አልፏቸዋል። ሞፈሩን ለልጆቻቸው ከለቀቁ ቆይተዋል። ዘር የሚበትኑት ግን እስከ ዛሬ እሳቸው ናቸው። ጤፍ ደቃቅ ነው፤ መዝራቱ እጅ ይጠይቃል። አንዱ ጋ ሲበዛ ሌላው ጋ ይሳሳል። ሐምሌ ላይ ማሳው ለስልሶ ይጠብቃቸዋል። ፎርማኑ በመጀመሪያው ክረምት ሊጠይቋቸው ሄደው ይሄን አይተው ተመለሱ። ለሳምንት ያህል ዝም አሉ። ገበሬውን ማንም በ60 ዓመቱ አላሰናበተውም። ከባዱ ሥራ በየዓመቱ እየተቀነሰለት መጥቶ፣ የእሱን እጅ የግድ የሚለው ብቻ ቀረለት። ደመወዝተኛ ግን ዛሬ ሙሉ ሰው ሆኖ ያመሽና ነገ መታወቂያውን መልስ ይባላል።

ሱቁንም ላንሣ። በ2011 መጀመሪያ ልጆቹ ገንዘብ አዋጥተው የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ከፈቱላቸው። ሲሚንቶ፣ ሚስማር፣ ቆርቆሮ። ሰው ሊገዛ ሲመጣ ምን እንደሚሠራ ይጠይቁታል። ከዚያ "10 ኩንታል ምን ያደርግልሃል? 7 ይበቃሃል፤ አሸዋህን አጥበህ ተጠቀም" ብለው ይመልሱታል። ዱቤም ይሰጣሉ። ሱቁ ለፋሲካ አልደረሰም። የከተማው ግንበኞች ግን እስካሁን በናፍቆት ያነሡታል።

ቅጣቱ

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው ነገሩ የተቀየረው። በማኅበር ተደራጅተው የኮብልስቶንና የጎርፍ ቦይ ሥራ የሚሠሩ ወጣቶች ነበሩ። የሠሩት የመጀመሪያ ቦይ ስሎፑ ተበላሽቶ ውሃ አቆረ። መሐንዲሱ አልረከብም አለ። በራሳቸው ወጪ አፍርሰው ሊሠሩት ነው። ከአባላቱ አንዷ በረሃው ውስጥ በፎርማኑ ሥር ቀን ሠራተኛ የነበረች ልጅ ናት። ቤታቸው መጣች።

እትዬ አጠያየቋን ቃል በቃል ይዘውታል። ይምከሩን አላለችም። ይመርቁንም አላለችም። "ጋሼ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስፓጎ የሚወጥርልን፣ ልክ የሚያወጣልን ሰው ቸግሮናል። በየቀኑ መምጣት ይችላሉ? ካልቻሉ ዛሬውኑ ይንገሩኝ፣ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ" አለች። ስፓጎ ግንበኛ ልክ ለማውጣት የሚወጥረው ሲባጎ ነው። ፎርማኑ አስብበታለሁ አሉ። ምሳ ሳይበሉ ቦዩን ሊያዩ ወጡ።

ውሃ በተሞላ ነጭ ጎማ ደረጃውን ለኩት። ቦዩ የሚያልቅበት ቦታ ከሚጀምርበት ከፍ ብሎ ተገኘ። ልጆቹ በመሬቱ ተዳፋት ተታለው ነው። በማግሥቱ 1 ሰዓት ሳይሞላ እዚያ ነበሩ።

መጀመሪያ ላይ አልሰመረም። የማኅበሩ ሊቀመንበር የ26 ዓመት ልጅ ነው። ፎርማኑ በካምፕ አፋቸው ሲሳደቡ "ጋሼ፣ በደንባችን ስድብ ክልክል ነው" አላቸው። ተቆጥተው ሄዱ። ደግሞ ራሳቸው ተመለሱ። ፕላን የሚያነብላቸው ሰውም ያስፈልጋቸዋል። አንዱ አባል በኮንስትራክሽን ዲፕሎማ ያለው ነው፤ ቁጥሩን እሱ ያነባል፣ እሳቸው መሬት ላይ ያወጡታል። ልጁ በረሃ ውስጥ ቢሆን ኖሮ አካፋ አሲዤው ነበር ይላሉ። አሁን ግን ሲያረፍድ የሚጨነቁት እሳቸው ናቸው።

የክፍያው ነገር አጨቃጨቀ። ፎርማኑ በነፃ እሠራለሁ አሉ። ጡረታ አለኝ፣ ከልጆች አፍ አልነጥቅም ብለው። ወጣቶቹ ደስ አላቸው። የተቃወሙት እትዬ ናቸው። "በነፃ የሚሠራን ሰው ቢቀር ማን ይጠይቀዋል?" አሉ። በመጨረሻ የአንድ ድንጋይ አንጣፊ የቀን ሒሳብ እንዲከፈላቸው ተስማሙ። ስለ ጡረታ ብዙ ሥልጠና ተካፍያለሁ፤ እንዲህ ጥርት ያለ ሐሳብ የሰማሁት ግን በርበሬ ከሚነግዱ ሴት ነው።

የማኅበሩ ደንብ ሳያሳውቅ ያረፈደን 20 ብር ይቀጣል። አንድ ጠዋት ፎርማኑ ሳይናገሩ ቀብር ሄደው 4 ሰዓት ላይ ደረሱ። ሥራው ቆሞ ነበር። ግማሹ አባል ሽማግሌ መቅጣት ነውር ነው አለ። ያቺው ልጅ "ቆመን የዋልነው እኛ ነን" ብላ ድርቅ አለች። ተቀጡ። እትዬ ሲነግሩኝ፣ "ሃያ ብር ተቀጣሁ እያለ እየሳቀ ገባ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም" አሉ።

ከዚያ በኋላ የእድሩን ሊቀመንበርነት ለቀቁ። የዕቃ ኃላፊ አድርጉኝ አሉ። ሰው ውርደት መስሎት ለመናቸው፤ እምቢ አሉ። የድንኳኑ መጋዘን ቁልፍ አሁን እሳቸው ኪስ ነው። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለእሳቸው ነው፤ ሌሊትም ቢሆን።

ያልተፈታው

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለት አይደለም። በጀት ሲዘገይ ማኅበሩ ሥራ ይፈታል። በ2012 ኮሮና ሲገባ ለወራት ቁጭ አሉ፤ ፎርማኑም ወደ ድሮው ጠባያቸው ሊመለሱ ምንም አልቀራቸው ነበር። ጉልበታቸው ያማቸዋል። ከባድ ዝናብ ሲመጣ አሁንም አይተኙም። ከእትዬ ጋር በድንበር ተስማምተዋል፤ ማጀቱና ንግዱ የእትዬ ነው፣ በገበያ ቀን ጆንያ የሚሸከሙት እሳቸው ናቸው።

ይሄ ጉዳይ ለሁሉም አይሠራም። የፎርማኑ ሙያ ከተማ ውስጥ ገበያ አለው። መዝገብ ቤት 35 ዓመት ሠርቶ ለወጣ ሰው ስፓጎ ወጥርልን የሚል ማኅበር ቤቱ ድረስ አይመጣለትም። ሴቶች ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እኔ ፋይላቸውን ያዘጋጀሁላቸው እናቶች ብዙዎቹ ጡረታ በወጡ ማግሥት የልጅ ልጅ ታቅፈው፣ ወጥ እየሠሩ ነው ያገኘኋቸው። እነሱን ይረፉ የሚላቸው የለም። ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ቀናቸውን የሚይዝላቸውም አሉ፤ ኪዳን አድርሰው፣ ዳዊት ደግመው፣ በጽዋ ማኅበራቸው ተራ ይዘው በሰላም የሚኖሩ። ፎርማኑም ይሳለማሉ፣ ማኅበርም ይጠጣሉ። ለእሳቸው ግን አልበቃም።

እኔ በቢሮዬ አንድ ነገር ጀምሬያለሁ። ሰው 60 ሊሞላው ስድስት ወር ሲቀረው ስለ ሰነዱ ብቻ አላወራውም። ከዚህ ከወጣህ በኋላ ጠዋት ብትቀር የሚደውልልህ ማነው ብዬ እጠይቀዋለሁ። ብዙዎቹ ይስቃሉ። አንዳንዶቹ መልስ ፍለጋ ዝም ይላሉ፤ ከእነሱ ጋር ረዘም ያለ ቀጠሮ እይዛለሁ።

ማኅበሩ በ2012 መጨረሻ ደንቡን ለማሻሻል ተሰብስቦ ነበር። ፎርማኑ የማርፈጃ ቅጣቱ ወደ 50 ብር ይደግ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ወጣቶቹ በድምፅ ብልጫ ጣሉት። እሳቸው አሁንም እየተከራከሩ ነው።